የአፋፉ ቤት

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ አንኮበር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሜዳው፣ ገብሱ፣ የበጉ መንጋ ማለቂያ የሌለው መስሎ ይቆይና ድንገት መሬቱ ከእግር ሥር ይከዳል። ከአፋፉ በታች አልዩ አምባ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ቆላው እስከ አዋሽ ይዘረጋል። ለብዙ ዘመን ጨውና ጨርቅ፣ ጥይትም ጭምር ወደ ሸዋ ደጋ ከወጣባቸው በሮች አንዱ ይህ ቁልቁለት ነው። ምሳሌዬን የምተክለው እዚህ ነው።

በዚህ አፋፍ ላይ አንድ አዛውንት ይኖር ነበር። ቤቱ የድንጋይ ካብ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ። የቆላው መንገድ በግቢው ጥግ ያልፋል፤ ከቆላ የወጣ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ በቅሎውን የሚያሳርፈው፣ ወደ ቆላ የሚወርደውም ጠላ ቀምሶ የሚያልፈው እዚያ ነው። አዛውንቱ ቀረጥ አይጠይቅም። አላፊ አግዳሚው ግን ባዶ እጁን አያልፍም፤ አንዱ አሞሌ ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላው ቁና እህል። አዛውንቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት።

ከበላዩ ሦስት ወንድማማቾች የያዙት ሰፊ ርስት አለ፤ አገሬው «የላይ ቤት» ይላቸዋል። ከበታቹ ሁለት አማቾች አብረው ያቀኑት መሬት አለ፤ እሱ «የታች ቤት» ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጨፌ ግጦሽ ተጣሉ። ነገሩ ከከብት አልፎ ወደ ሰው ገባ። በጥቅምት አንድ የታች ቤት ጎልማሳ ተገደለ፤ በኅዳር የላይ ቤት ክምር ተቃጠለ።

አዛውንቱ በማኅበር ቀን፣ ጽዋው ፊት ቆሞ፣ «እኔ የማንም ወገን አይደለሁም» አለ። «ከላይ ክርስትና አለኝ፤ ከታች ጋብቻ አለኝ። ሁለታችሁንም እግዜር ያስታርቃችሁ።» ሰው ሁሉ አመሰገነው። ከላይ ቤት «እንዲህ ያለውን ጎረቤት ያብዛልን» ተብሎ ሙክት ተላከለት። ከታች ቤትም አንድ ጎንቦ ማር መጣ። ሙክቱን አረደ፤ በማሩም ጠጅ ጣለ። ምን ጥፋት አለው?

ጾም ከመግባቱ በፊት የላይ ቤት ሰዎች መጡ። ወንበር ቀረበላቸው፣ ጠላ ተቀዳላቸው።

«አባታችን፣ ተዋጉልን ልንል አልመጣንም» አሉ። «የእነዚያ በቅሎ በደጅዎ አትለፍ፤ ይኸው ነው። ጨው ሸጠው ጥይት እየገዙበት ነው።»

በሦስተኛው ቀን የታች ቤት ሰዎች መጡ። ለእነሱም ወንበር ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ።

«አባታችን፣ ተዋጉልን አንልም» አሉ። «እንደ ወትሮው ይሁን። አባቶቻችን ባለፉበት እንለፍ፤ ይኸው ነው።»

አዛውንቱ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። መንገዱን ቢዘጋ ለላይ ቤት ወገነ፤ ክፍት ቢተወው ለታች ቤት ወገነ። እሱ ጠመንጃውን ከግድግዳ ሳያወርድ የግቢው ጥግ ዘምቷል። ሲነጋ ፍርድ አገኘ። በቀን ይለፉ፣ በሌሊት አይለፉ፤ እህልና ጨው ይለፍ፣ ጥይት አይለፍ። ጭነት የሚፈትሽ አንድ ሎሌም በሩ ላይ አቆመ። ፍርዱ ቀና ነበር። ሁለቱም ቤቶች ቂም ያዙበት። የላይ ቤት፣ «ስልቻው ሥር ያለውን እያየ እንዳላየ ያልፋል» አለ። የታች ቤት ደግሞ፣ «የሚፈታው የኛን ስልቻ ብቻ ነው» አለ። እውነትም ነው፤ በዚያ መንገድ የሚጫነው ከታች ስለሆነ የሚፈታው ሁሉ የእነሱ ነበር።

እንግዳው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከታች ቤት ተልኮ ነው የመጣው፤ ነገር ግን መድኃኒት አዋቂ ነኝ እንጂ መልእክተኛ ነኝ አላለም። የአዛውንቱን ጉልበት በቅባት አሸለት፤ ለታናሹ ልጅ በብር ያጌጠ ጎራዴ ሰጠው። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ያጫውታቸዋል። ጨዋታ አዋቂ ነበር። አንድ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ሦስቱ የላይ ቤት ወንድማማቾች እናንተን ሳይጠሩ ተሰብስበዋል። አባታችሁ ዓይኑን የከደነ ዕለት ይህ ቤት ቢፈርስ፣ ምንጩ ያለበት ማሳ ለታላቁ፣ መንገዱ ለመካከለኛው፣ ሁለት ማሳዎቹን የሚያገጥምለት መሬት ደግሞ ለታናሹ እንዲሆን ተባብለው በወረቀት አጽፈዋል።»

እውነት ነበር። እንግዳው ወደዚያ ቤት ካስገባው ሁሉ የከፋው ይህ እውነት ነው። ውሸት ቢሆን አዛውንቱ በማግሥቱ ስንቁን አስቋጥሮ ይሸኘው ነበር። አሁን ግን ሰምቶ ዝም አለ። ታናሹ ልጅ ያን ሌሊት አልተኛም፤ ከዚያ በኋላም ከላይ የመጣ ሰው ሲያይ እግሩ መሬቱን የሚለካ ይመስለው ጀመር።

የላይ ቤት ሰዎች የእንግዳውን ወሬ ሰምተው መጡ። «ይውጣልን» አሉ።

«እሳቴ ዳር የተቀመጠን ሰው በውርጭ ላስወጣ? የናንተስ ሰው ሲመጣ መቼ መለስኩት?» አለ አዛውንቱ።

አልተቆጡም። ተሰናብተው ሄዱ። ከሳምንቱ ጀምሮ ግን የአፋፉ ቤት ሰው ደጋው ገበያ ወጥቶ የማረሻ ብረት ቢጠይቅ «አለቀ» ይሉት ጀመር፤ ባሩድ ቢጠይቅም «አለቀ»። ከጎኑ ለቆመው ይሸጡለታል።

ታላቁ ልጅ የክርስትና አባቱ የላይ ቤት ሰው ነው። ይህ ልጅ የቆየ ቅሬታ ነበረው። አዛውንቱ የምንጩን ማሳ ለታናሹ ሊያወርስ ማሰቡን ከሰማ ቆይቷል፤ ጨፌው ላይ ጥል ከመነሳቱ በፊት ማለት ነው። የአባቱ ወንድሞችም «ለዚያ ለትንሹ እንዴት እንገዛለን?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። የክርስትና አባቱ ይህን ያውቃል። አንድ የበዓል ቀን ገለል አድርጎ አስቀመጠውና፣ «ልጄ፣ ወንድምህ የታች ቤት ጎራዴ ታጥቋል፤ በዓርብ ሥጋ ሲበላ ታይቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑንም መሬት ሊሰጣቸው ነው» አለው።

ጎራዴው እውነት ነው። ሥጋውን ሲበላ ያየ የለም። መሬቱም ገና ማንም ያላሰበው ነገር ነው። ሦስቱ ግን በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ እውነቱ ሁለቱን ውሸቶች አዝሎ ያልፋል።

«እኛ በዚህ አንገባም» አለ የክርስትና አባት እየተነሳ። «የቤታችሁ ነገር ነው። ብቻ ከቆረጥክ፣ ባሩዱም ማረሻውም አይጠፋም።»

ወንድማማቾቹ አውድማው ላይ ተገናኙ። ታላቁ አጎቶቹን አስከትሎ ነበር። ታናሹ የእናቱን ዘመዶች ይዞ፣ ከታች ቤት ይመጣልሃል የተባለውን ሰው ዓይኑ ቁልቁለቱ ላይ እንደተተከለ ጠበቀ። አንድም አልመጣም። እንግዳውም ቅባቱን ጠቅልሎ ከሌሊቱ ሄዷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ታናሹ ልጅ ሞተ፤ ከሁለቱም ወገን ከአጎትና ከዘመድ ብዙ ሰው ወደቀ። ቤቱ ለታላቁ ሆነ፤ አዛውንቱም በገዛ ቤቱ ተጧሪ ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት የላይና የታች ቤት ደከማቸው። አስታራቂ ሽማግሎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ ሟች በሟች ተቆጠረ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ በሬ ታረደ። አዛውንቱ በትሩን ተመርኩዞ መጣና፣ «የኔም ደም አለ» አለ።

ሽማግሎቹ ሥርዓት አዋቂዎች ናቸው፤ በአክብሮት ጠየቁት።

«ከላይ ቤት የገደለብዎ አለ?»

«የለም።»

«ከታች ቤትስ?»

«የለም።»

«እንግዲያ በማን እጅ ሞተ?»

አዛውንቱ ነገራቸው። ተያዩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው፣ «አባታችን፣ ይህ እንግዲህ የቤትዎ ነገር ነው፤ በዚህ ጉባኤ አይታይም» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠራ።

እዚህ ላይ ምሳሌው አለቀ።

የሆነው ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በዚሁ በሸዋ ደጋ፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ነው። አውሮፓ መንደድ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ኢትዮጵያ በማንም ላይ ጦርነት አላወጀችም፤ ማንም አላወጀባትም። በዚያ ቀን ሰገሌ ላይ የወደቁት የሸዋና የወሎ ልጆች ናቸው። ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚጻፉ መጻሕፍት የሟች ዝርዝር ውስጥ ሰገሌ አይቆጠርም፤ በእኛ ታሪክም «የሥልጣን ሽኩቻ» ተብሎ ይታለፋል። ሽኩቻ መሆኑ እውነት ነው። ብቻውን ግን አልነበረም።

የላይ ቤቱ ሦስት ወንድማማቾች እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ናቸው። ወረቀቱም ተረት አይደለም። ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ለንደን ላይ ተፈራርመው፣ ኢትዮጵያ ብትፈርስ የእንግሊዝ ጥቅም በዓባይ ውኃ፣ የፈረንሳይ በጅቡቲው የባቡር መስመር፣ የኢጣሊያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን በሚያገናኘው ምድር ላይ እንዲጠበቅ ተስማምተው ነበር። ዐፄ ምኒልክ የውሉ ቃል ሲደርሳቸው፣ ሥልጣኔን የሚገድብ ነገር አልቀበልም የሚል መልስ ሰጡ። ከዚያ ታመሙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ወራሹ የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ ነበሩ። አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው፤ ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩና በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተጠመቁ። ምኒልክ ባረፉ በስምንተኛው ወር ገደማ የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

የኢትዮጵያን ገለልተኝነት ያከሸፈው መጀመሪያ ካርታው ነው። ሱዳንና ኬንያ፣ በርበራም የእንግሊዝ፤ ጅቡቲ የፈረንሳይ፤ ኤርትራና ሞቃዲሾ የኢጣሊያ። ኢጣሊያ እስከ ግንቦት 1907 ዓ.ም. ራሷ ገለልተኛ ስለነበረች በር ተከፍቶ የቆየ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በዚያም ጊዜ ጀርመን የላከችው የአፍሪካ ሕዝቦች ተመራማሪ ሊዮ ፍሮቤኒዩስ በኤርትራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሊያልፍ ሲል ጣሊያኖቹ መልሰውታል። ኢጣሊያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጎን ስትሰለፍ የአገሪቱ ዙሪያ በሙሉ በአንድ ወገን እጅ ወደቀ። ባቡሩ አቃቂ ደርሶ ነበር፤ ጠመንጃ የሚገባው ግን በፈረንሳይ ወደብ፣ በፈረንሳይ ፈቃድ ነው። በአንድ ወገን በር ብቻ የሚተነፍስ አገር «ከማንም ጋር አይደለሁም» ሲል በሩን የያዘው ሰው ይህን እንዴት እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

እንግዳው ደግሞ ከታች ቤት መጣ። የቱርክ ሱልጣን በኅዳር 1907 ዓ.ም. ጂሃድ አስታውጆ ነበር። ቱርክ ሐረር ላይ ቆንስላ ነበራት፤ ቆንስሉ ማዝሃር ቤይ ከልጅ ኢያሱ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። የጀርመን ሌጋሲዮንም አዲስ አበባ ውስጥ ነበር፤ ከበርሊን ጋር የሚገናኝበት መንገድ ግን የተዘጋበት ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት አይሰወርም፤ ኢትዮጵያ ሱዳንንና ሶማሌ ላንድን ብታስጨንቅ እንግሊዝ ከስዊዝና ከሌላው ግንባር ጦር ትቀንሳለች። ለዚህ ብዙ መዋሸት አላስፈለጋቸውም። የ1899ኙ ወረቀት በቂ ነበር።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ማነከስ ይጀምራል፤ ልሸፍነው አልፈልግም። ልጅ ኢያሱ አፋፉ ላይ እንደተቀመጠው አዛውንት አልነበሩም። ወጣት ነበሩ፣ አንድ ቦታ አይቀመጡም፣ ደግሞም ልባቸው አዘንብሎ ነበር። በሐረርና በኦጋዴን ወራት ከረሙ፤ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተጋቡ፤ እንግሊዞችን ለዓመታት ሲወጋ ከነበረው ከሶማሌው ሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰን ጋር ተላላኩ። ሃይማኖታቸውን ቀይረዋል ወይስ አልቀየሩም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ ተቀናብሮ የተሠራ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ገዥ ሙስሊም ዜጎቹን ወደ ቤተ መንግሥቱ ለማቅረብ መሞከሩ በሌላ ዘመን ቢሆን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሆኖ ይመረመር፣ ይወደስ ወይም ይነቀፍ ነበር። በ1908 ዓ.ም. ግን ያው ሥራ ለንደን ውስጥ የጦር ወሬ ሆኖ ይነበብ ነበር። ጋብቻው፣ ግብሩ፣ መስጊድ መግባቱ፣ ሁሉም ከባሕር ማዶ በሚካሄድ ውጊያ ሚዛን ላይ ወጣ።

የጊዜው ነገርም አለ። በዚያ ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ ከጋሊፖሊ ተገፍተው ወጥተዋል፤ ሜሶፖታሚያ ውስጥ ኩት ላይ አንድ የእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጥቷል፤ በሰኔ ደግሞ የመካው ሸሪፍ ሁሴን በቱርክ ላይ አምፆ እንግሊዞች የቀይ ባሕርን ዳርቻ በሙሉ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁ ጀመር። ከባሕሩ ወዲህ ቱርክን የሚወድ ገዥ ሊታገሡ አልቻሉም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. መባቻ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች የተቃውሞ ደብዳቤያቸውን ለኢትዮጵያ መንግሥት አቀረቡ። መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ለኢያሱ የገቡትን መሐላ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፈቱላቸው፤ የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

በዚህም ላይ ምሳሌዬ ታላቁን ልጅ ያሳንሳል። የሸዋ መኳንንት የማንም መልእክተኛ አልነበሩም። ቅሬታቸው የራሳቸው ነው፤ የወሎው ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ የተቆጡት የአውሮፓ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው። ሌጋሲዮኖቹ እነሱን ለራሳቸው ጉዳይ እንደተጠቀሙባቸው ሁሉ እነሱም ሌጋሲዮኖቹን ለራሳቸው ጉዳይ ተጠቅመውባቸዋል። ለዚህ ነው «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለውን አባባል ለእንዲህ ያለው ነገር የማልወደው። ሣር የውርስ ክርክር የለበትም፤ አጎትና ክርስትና አባት የለውም። የውጭ ጦርነት ገለልተኛ ቤት ውስጥ የሚገባው እዚያ ቀድሞ የቆየ ጠብ ሲያገኝ ነው። ጠብ አይፈጥርም፤ ላለው ጠብ ስንቅና ቀጠሮ ይሰጠዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ሊያስመልሱ ከወሎ ተነስተው ወደ ሸዋ ዘለቁ። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ሊያግዷቸው ሞክረው ከብዙ ጦራቸው ጋር ወደቁ። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያን ሰሞን የሁለት ሠራዊት መተላለፊያ ሆነ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤልና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተገናኙ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት ዐድዋ ላይ በአንድ ወገን የተሰለፉ ናቸው። የንጉሥ ሚካኤል ሟች ባለቤት ሸዋረጋና ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ልጅ ኢያሱ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ሚኤሶ ላይ ተመልሰው በአፋር በኩል ዞረው ነበር፤ ውጊያው በተካሄደበት ቀን አንኮበር ደርሰው እንደነበር ይነገራል። ከአፋፉ ወዲህ ያለውን መንገድ ለመጨረስ ጊዜ አላገኙም። አባታቸው ተማርከው አዲስ አበባ ሕዝብ እያየ በሰንሰለት ተነዱ። ከበርሊንም ከኢስታንቡልም አንድ ጥይት አልመጣም።

ግሪክን ላነሳ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ብቻችንን አልነበርንም። እሷም ገለልተኛ ነኝ ብላ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1908 ዓ.ም. መግቢያ ሳሎኒካ ላይ ጦር አሳረፉባት፤ ንጉሧ ቆንስታንቲን የጀርመኑ ቄሣር የእህት ባል ነበሩና ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቬኒዜሎስ ደግሞ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወዳጅ፣ አገሪቱ በሁለት መንግሥት ተከፈለች። ንጉሡ በሰኔ 1909 ዓ.ም. ተገደው ወጡ፤ ወሩ ሳያልቅ ግሪክ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ቤልጂግ ላይ የሆነው ግልጽ ወረራ ስለሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ የግሪክና የእኛ ዓይነቱ ግን ደሙ የፈሰሰው በቤተሰብ እጅ ስለሆነ ባለዕዳው አይገኝም። ግሪክ ቢያንስ በይፋ ገብታለችና ሰላም ሲፈረም ወንበር ተሰጥቷታል። ለኢትዮጵያ አልተሰጣትም።

ንጉሥ ሚካኤል እስረኛ እንደሆኑ ጳጉሜን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ልጅ ኢያሱ እስከ 1913 ዓ.ም. ከተንከራተቱ በኋላ ተይዘው ለራስ ካሣ ተሰጡና ፍቼ ታሰሩ። የ1899ኙ ወረቀት ግን ከሁሉም ተርፎ ቆየ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች፤ ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ፣ በታኅሣሥ 1918፣ እንግሊዝና ኢጣሊያ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ኢጣሊያ ልትደግፍ፣ ኢጣሊያ ኤርትራንና ሶማሊያን በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል በባቡር እንድታገናኝ ደግሞ እንግሊዝ ልትደግፍ ተስማሙ። በዚህ ጊዜ ራስ ተፈሪ አልጠበቁም። በሰኔ 1918 ዓ.ም. ጄኔቭ ላሉት አባል መንግሥታት በሙሉ ደብዳቤ ላኩ፤ ስለ አገራችን እኛ ሳንጠየቅ ተስማምተዋል፣ አባል ስንሆን ይህ አልተነገረንም አሉ። ለንደንና ሮም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው በጽሑፍ መለሱ። ግድቡም ሐዲዱም ቀሩ።